ካርቶኑን ሳትቆርጡ ጎማ አትግዙ

(ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በአንድ ጋራዥ ለተሰበሰቡ የአሮጌ መኪና ወዳጆች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አረፈዳችሁ። አቦሉን ጠጥተናል፤ ቶናው እስኪፈላ ድረስ እናውራ። ከኋላ የቆማችሁ ቀረብ በሉ፤ የማሳያችሁ ነገር ትንሽ ነው።

ይቺን ካርቶን አያችኋት? የዳይፐር ካርቶን ነበረች። ልጄ ዳይፐር ከተወች ቆይታለች፣ ካርቶኗ ግን እስከ ዛሬ እዚህ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። በመቀስ በግማሽ ክብ የተቆረጠች፣ ጠርዟ በእስኪርቢቶ ቁጥር የተሞላ፣ አንድ ጥግ ላይ ቅባት የነካት። ይቺ ካርቶን ከቸርኬዎቹ በፊት መጥታ ቢሆን ኖሮ አራት ቸርኬና አራት ጎማ ሁለት ጊዜ አልገዛም ነበር።

ከጀርባዬ የቆመችው የ1967 ሙስታንግ ናት። ፋስትባክ (ጣሪያዋ ወደ ኋላ ተንሸራቶ የሚወርድ)፣ 289 ኩቢክ ኢንች ሞተር፣ ባለ አራት በርሜል ካርቡሬተር፤ ፋብሪካው 225 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈላት። «ሙስታንግ እኮ ፖኒ ካር (ትንሽ የስፖርት መኪና) ነው እንጂ መስል ካር (ትልቅ ሞተር የተጫነበት ጉልበተኛ) አይደለም» ብላችሁ ልትከራከሩኝ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እሱን በበረካው እንጨርሰዋለን። ካማሮም ሆነ ቻርጀር ወይም ሼቬል ብትይዙ የጎማው ሥራ አንድ ነው፤ የሚለያየው ቁጥሩ ነው።

ሰው እዚህ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ከኋላ ስንት ስፋት ይገባል?» ብሎ ነው። ቁጥር ብነግረው ደስ ብሎት ይሄዳል። ያ ቁጥር ግን ለብቻው ምንም አይነግረውም። ያው 235 ጎማ በአንዱ ቸርኬ ላይ ሲሆን ፓራፋንጎውን ይፍቃል፣ በሌላው ላይ ሲሆን ባሌስትራውን፣ ከኋላ መኪናውን የሚሸከመውን ድርብርብ የብረት ሞላ፣ ይፍቃል፣ በሦስተኛው ላይ ደግሞ ምንም ሳይነካ ይሽከረከራል። የጎማው ስፋት በሦስቱም ላይ ያው ነው። የተለየው የተቀመጠበት ቦታ ነው። እኔ ይህንን ለመማር ገንዘብ ከፍያለሁ፤ እናንተ በቡና ተማሩት።

መጀመሪያ ግን እነዚህ መኪኖች ለምን በቀጭን ጎማ እንደተወለዱ እንይ። በ1967 ተራዋ ሙስታንግ ከፋብሪካ የምትወጣው 6.95-14 በሚባል ጎማ ነበር። 6.95 የጎማው ስፋት በኢንች ነው፤ 14 የቸርኬው ዲያሜትር። ቸርኬው ራሱ ስፋቱ 5 ኢንች ብቻ ነው፤ ዛሬ አንድ ካምሪ ከዚያ የሰፋ ይዞ ይሄዳል። ጂቲ የሚባለው የስፖርት ዕቃ የታዘዘላት ደግሞ ኤፍ70-14 ታገኛለች። እዚህ ላይ «ኤፍ» የሚለው ፊደል ስፋት አይደለም፤ ጎማው የሚሸከመውን ክብደት መደብ ነው የሚናገረው። 70 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ 70 በመቶ መሆኑ ነው። ዛሬ በዚያ ቦታ የሚገባው 215/70አር14 ነው። ያን ጊዜ «ሰፊ» የሚባለው ይሄ ነበር! በዚያው ዓመት 390 ሞተር፣ 320 የፈረስ ጉልበት፣ በዚህ ጎማ ላይ ጭነው ይሸጡ ነበር። ነዳጅ ሲረገጥ ጎማው ይጮሃል፣ መኪናው እዚያው ነው።

የጎማው አሠራርም ሌላ ነበር። በዚያ ዘመን ጎማ ውስጥ ያሉት ክሮች ሰያፍ እየተጠላለፉ የተሠሩ ናቸው። ጎኑ ሲተጣጠፍ መሬት የሚረግጠው ፊትም አብሮ ይጨማደዳል። በራዲያል ግን ክሩ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ይሻገራል፣ በላዩ የብረት ቀበቶ ይታሰርበታል፤ ጎኑ እንደ ልቡ ሲተጣጠፍ ፊቱ መሬቱን እንደያዘ ይቆያል። ሚሽላን ይህንን በ1946 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። አሜሪካኖቹ ግን ቸኩለው አልተቀበሉትም፤ ራዲያል መደበኛ ጎማው ሆኖ የወጣው የመጀመሪያው አሜሪካ ሠራሽ መኪና የ1970 ሊንከን ኮንቲኔንታል ማርክ 3 ነው። ስለዚህ የኔ መኪና ፓራፋንጎ ሲሳል፣ ሳዮቹ በአእምሯቸው የነበረው ጎማ ትከሻው ክብ የሆነ የድሮው ጎማ ነው። የዛሬው ጎማ ትከሻው እንደ ሳጥን ጥግ ነው። ሁለቱም በወረቀት ላይ እኩል ስፋት ቢኖራቸው እንኳ አዲሱ በጥጉ ይነካል። ይህንን ከጎማ ሻጭ አትሰሙም፤ ከፓራፋንጎው ላይ በተፋቀው ቀለም ነው የምታነቡት።

አሁን ቁጥሩን እናንብብ። ከኋላ የገጠምኩት 235/60አር15 ነው። 235 ስፋቱ በሚሊ ሜትር። የጎኑ ከፍታ የዚያ 60 በመቶ፣ 141 ሚሊ ሜትር። «አር» ራዲያል ማለት ነው። ቸርኬው 15 ኢንች፣ 381 ሚሊ ሜትር። ላይና ታች ሁለት ጎን ስላለ 282 ስንጨምርበት የጎማው ሙሉ ቁመት 663 ይመጣል። የድሮው ኤፍ70 ምትክ፣ 215/70አር14፣ 657 ገደማ ነው። የ6 ሚሊ ሜትር ልዩነት ማንም አያየውም። ወደ 17 ኢንች ቸርኬ ከሄዳችሁ 245/45አር17 ስትገጥሙ 652 ይሆናል፤ ቁመቱ ያው፣ የጎኑ ላስቲክ ግን ከ150 ወደ 110 ይወርዳል። ሃይዌይ ላይ ደስ ይላል። ከክረምት በኋላ በዚህ አካባቢ ጉድጓድ መንገድ ላይ የሚሆነውን ግን ወገባችሁን ጠይቁት።

ቁመቱ በጣም ከተለወጠ የፍጥነት መቁጠሪያው ይዋሻል፤ ጎማው ሲተልቅ መቁጠሪያው አሳንሶ ይናገራል። ካምቢዮው ጭራ ላይ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ መለወጥ ነው፤ በጥርሷ ብዛት ቀለሟ ይለያያል። በዚህ እንለፍ።

ወደ ዋናው ልምጣ። ቸርኬውን በፊቱ ወለል ላይ ድፉት። ጀርባው ወደ ላይ ነው። ከአንድ ጠርዝ ወደ ሌላው ቀጥ ያለ እንጨት አጋድሙበት። ከእንጨቱ እስከ ዳዶ ማሰሪያው ሜዳ ድረስ ወደ ታች ለኩ። ያ ልክ ባክስፔሲንግ ይባላል፤ እኔ «የጀርባ ልክ» እለዋለሁ። ቸርኬው ከማሰሪያው ተነስቶ ወደ መኪናው ሆድ ስንት እንደሚገባ የሚነግራችሁ እሱ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ «7 ኢንች ቸርኬ» ሲባል የተለካው ጎማው የሚቀመጥበት ውስጡ ነው። ከንፈሩ በእያንዳንዱ ጎን ግማሽ ኢንች ያህል ስለሚጨምር ከውጭ ብትለኩት ወደ 8 ይጠጋል። ስለዚህ 7 ኢንች ቸርኬ ማሰሪያው ልክ መሃሉ ላይ ከሆነ የጀርባ ልኩ 4 ኢንች ነው። የኔዎቹ 4.25 ናቸው፤ ማለትም ማሰሪያው ከመሃል ሩብ ኢንች፣ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ወደ ውጭ ወጥቷል። ቸርኬው ያን ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል ማለት ነው።

በአዳዲሶቹ ቸርኬዎች ላይ የሚጻፈው ይሄ አይደለም፤ ኦፍሴት ነው የሚጻፈው፣ በሚሊ ሜትር። ማሰሪያው ከመሃል ምን ያህል እንደራቀ ነው። አንዱን ካወቃችሁ ሌላውን ታወጣላችሁ። እኔ አላወጣሁም ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። እዚህ ካላችሁት ታክሲ የነዳችሁ እጃችሁን አውጡ። እሺ፣ ግማሹ። የካምሪ ቸርኬ ስንት ቡሎን አለው? አምስት። ቡሎኖቹ የሚዞሩበት ክብ ስፋቱ 114.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ በኢንች አራት ተኩል። የኔ ሙስታንግስ? አምስት፣ 114.3። የክራውን ቪክቶሪያም ያው ነው። ይህን ያወቀ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ነገር ምንድን ነው? «ታዲያ ምን ቸገረኝ!» የካምሪው እንኳ አያታልላችሁም፤ የመሃል ቀዳዳው 60.1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለአሮጌ ሙስታንግ ይጠብባል፣ እዚያው ያቆማችኋል። የሚያታልለው የራሷ የሙስታንግ ዘመድ ነው። ከ1994 ወዲህ የወጡት ሙስታንጎች ባለ አምስት ቡሎን፣ 114.3 ናቸው። ቀዳዳው ይገጥማል፣ ዳዶው ይገባል፣ የፈረሱ ምልክት እንኳ ያው ነው። እኔ አንድ ሰው በረከሰ ዋጋ ሲሸጥ አገኘሁና አራት 17 በ8 ቸርኬ (ዲያሜትሩ 17፣ ስፋቱ 8 ኢንች) ጫንኩ። ሻጩ ምንም አልዋሸኝም፤ «ለሙስታንግ ነው» አለኝ፣ እውነቱን ነው።

ማታ እዚሁ ክሪክ ላይ አነሳኋት፣ የፊቱን አሰርኩ፣ አማረ። ራቅ ብዬ አየሁት፣ ፎቶ አነሳሁት፣ ለወንድሜ ላኩለት። ከዚያ ጎማውን በእጄ ሳዞረው «ክርርር»። የቸርኬው ሆድ የመሪው ዘንግ ጫፍ ላይ አርፏል። መሪውን ወደ ግራ ልጠመዝዝ ስል ጎማው ከፊት ያለውን ስትራት ሮድ፣ የታችኛውን ክንድ ከሻሲው ጋር የሚያያዘውን ዘንግ፣ ይገፋል። ተቀምጬ ሒሳቡን ሠራሁ። ኦፍሴቱ 30 ነው፤ የጀርባ ልኩ 5.68 ኢንች መጣ። ለኔ መኪና የሚስማማው 4.25 ነበር። 36 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ሁለት ጣት ያህል ነው። በሰው ልክ የተሰፋ ሱሪ ገዝቼ መጥቻለሁ።

«ስፔሰር አስገባበት» ትሉኝ ይሆናል፤ ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚገፋውን በመሃል የሚገባ ብረት። አስገባሁበት። በቡሎኑ ላይ ዝም ብሎ የሚሰካውን ዓይነት። የፋብሪካው ቡሎን ግን አልረዘመም፤ ስፔሰሩ የበላውን ያህል ዳዶው የሚይዘው ያጥራል። የኔ መኪና ቡሎን ውፍረቱ ግማሽ ኢንች ነው፣ በአንድ ኢንች 20 ጥርስ። ዳዶው ቢያንስ የቡሎኑን ውፍረት ያህል መያዝ አለበት፣ ማለትም 10 ዙር። እየቆጠርኩ በእጄ አጠበቅሁ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ግማሽ፣ ቆመ። በአምስት ዙር ተኩል ላይ ቤተሰቤን ጭኜ ሃይዌይ ልወጣ ነው? ፈታሁት። ቸርኬዎቹን የአዲስ ሙስታንግ ባለቤት ገዛቸው፣ እንዳማረባቸው ናቸው። በራሱ ቡሎን የሚታሰር ጥሩ ስፔሰር አለ፣ በአግባቡ የሚጠቀሙበትም አሉ፤ እኔ ግን ለራሴ መኪና ትክክለኛ ቸርኬ እስካለ ድረስ ያን ተጨማሪ ብረት መሃል አላስገባም።

ወደ ካርቶኗ እንመለስ።

አዲስ አበባ ልጅ ሆኜ፣ ሶማሌ ተራ አጠገብ አንድ ጎሚስታ ዘንድ እየዋልኩ ካላማዳሪ ስለጥፍ፣ ሽማግሌው «መጀመሪያ በዓይንህ፣ ቀጥሎ በእጅህ፣ ከዚያ በመሣሪያ» ይሉኝ ነበር። እኔ ከመጨረሻው ጀምሬ ነበር። በሁለተኛው ዙር እንደ እሳቸው አደረግሁ። የኋላውን ጎማ አወጣሁ። ታምቡሩ ፊት ላይ፣ ቸርኬው የሚያርፍበት ላይ፣ ቀጥ ያለ እንጨት አስሬ ከዚያ ወደ ውስጥ እስከ ባሌስትራው ለካሁ። ከፓራፋንጎው ከንፈር ደግሞ ቱንቢ ጣልኩ፣ ግንበኛ የሚጥለውን፤ ከክሩ እስከ ታምቡሩ ፊት ለካሁ።

በግራ ጎን ወደ ውስጥ 138 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ውጭ 129። በቀኝ ጎን ወደ ውስጥ 145፣ ወደ ውጭ 122። ደንግጬ እንደገና ለካሁ። ያው ነው። የኋላ አክስሉ ወደ ቀኝ ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ዘንበል ብሎ ተቀምጧል። እነዚህ መኪኖች ሲገጣጠሙ እንዲህ ዓይነት ልዩነት ብዙ ጊዜ ይገኝባቸዋል፤ በቀጭኑ ጎማ ጊዜ ማንም አይጠይቅም ነበር። ስለዚህ አንዱን ጎን ለክታችሁ ለሌላው አትፍረዱ።

ድምሩ በሁለቱም በኩል 267 ነው። 235 የሚባለው ጎማ በ7 ኢንች ቸርኬ ላይ ተነፍቶ ሲቀመጥ በሆዱ 240 ያህል ይሆናል። 27 ሚሊ ሜትር ይተርፈኛል፣ ለሁለት ወገን የሚካፈል። በ4.25 የጀርባ ልክ ጎማው ወደ ውስጥ 126፣ ወደ ውጭ 114 ይወስዳል። በግራ ከባሌስትራው 12፣ ከፓራፋንጎው 15 ቀረኝ። በቀኝ ከባሌስትራው 19፣ ከፓራፋንጎው 8። ስምንቷ ናት ያስጨነቀችኝ። 255 ብገጥም ኖሮ የሚተርፈኝ ጠቅላላው 12 ነበር። ባሌስትራ ደግሞ በመጠምዘዣ ላይ ወደ ጎን ይገፋል፣ የጎማውም ጎን ይለጠጣል። ቆሞ የማይነካ ጎማ ሲጠመዘዝ ይነካል።

ካርቶኗን የቆረጥኩት ለዚህ ነው። የጎማውን ግማሽ ቁመትና ስፋት ይዛ ታምቡሩ ላይ ትገጠማለች፤ ከዚያ ታነሷታላችሁ፣ ታዞሯታላችሁ፣ የት እንደምትነካ ታያላችሁ። ግን መኪናዋ ተንጠልጥላ ሳለች አይደለም። ክሪክ ላይ ስትሆን አክስሉ ወደ ታች ወርዷል፣ ሁሉም ነገር ይገባል፣ ሁሉም ሰው ደስ ይለዋል። አክስሉን እስከ ላስቲክ ማቆሚያው ድረስ ወደ ላይ ማንሳት አለባችሁ። ባሌስትራው ግን ባዶ መኪና ሲሆን እንቢ ይላል፤ ከሥር በክሪክ ስትገፉት መኪናዋ ራሷ ትነሳለች። እኔ ምን አደረግሁ? መኪናዋን በደንብ አስደግፌ አራት ጓደኞቼን ሻንጣው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሦስቱ እዚህ አሉ፤ እንዳትስቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለማንኛውም ልኬት ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው የምጠራቸው።

የፊቱ ከዚህ ይከብዳል። ሙስታንግ የፊት ሞላዋ ከላይኛው ክንድ በላይ፣ ሾክ ታወር በሚባለው ቤት ውስጥ ነው የተቀመጠው። ጎማውን የያዘውን ክንድ እስከ ላይ ለማንሳት ሞላውን ማውጣት ይጠይቃል፤ የታመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል። ማመቂያ መሣሪያው ከሌላችሁ ወይም አይታችሁት የማታውቁት ከሆነ ለሚያውቅ ስጡት፤ እዚህ ላይ ወንድነት የለም። ሞላው ከወጣ በኋላ ግን ክንዱን በእጃችሁ ላይ ታች ታደርጉታላችሁ፣ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ታዞሩታላችሁ፣ ካርቶኗን ይዛችሁ ትከተላላችሁ። የኔዋ ስትጠመዘዝ በውስጥ በኩል ስትራት ሮዱን፣ በውጭ በኩል የፓራፋንጎውን የታች ጥግ ነው የምትፈራው። በመጨረሻ ከፊት 225/60አር15 አስገባሁ፣ በዚያው በ15 በ7፣ በ4.25። ቸርኬው ማግነም 500 የሚሉት ባለ አምስት ክንፉ ነው፤ በዘመኑ ብዙ አሜሪካዊ መኪና ላይ የነበረ፣ መኪናዋን የማያስረጅ፣ ከዘመኗም የማያስወጣት።

«ቸርኬውን ወደ ውጭ ባወጣው ውስጡ አይነካም፣ መልኩም ያምራል» የሚል አለ። ልክ ነው፣ ውስጡ አይነካም። ነገር ግን የላይኛውንና የታችኛውን ቦል ጆይንት (ጎማው ሲጠመዘዝ የሚዞርባቸውን ሉል መገጣጠሚያዎች) የሚያገናኝ መስመር በሐሳባችሁ እስከ አስፋልት አውርዱት። ጎማው መሬት የሚረግጥበት መሃል ከዚያ መስመር በራቀ ቁጥር መሬቱ መሪያችሁን የሚጎትትበት ክንድ ይረዝማል። ጉድጓድ ስትመቱ መሪው ከእጃችሁ ሊነጥቅ ይሞክራል፣ አንዱ ፍሬን ትንሽ ከበረታ መኪናው ይጎተታል፣ ኩሺኔታው ባልተሠራበት አቅጣጫ ይጫናል። የኃይል መሪ የሌላት መኪና ላይ ደግሞ ስታቆሙ ክንዳችሁ ይናገራል።

ሰፊ ጎማ መሬቱን በብዛት ይረግጣል የሚባለውስ? ይሄ ብዙ ሰው የሚያምንበት ነው፣ እኔም አምን ነበር። አንድ ጎማ 800 ፓውንድ ቢሸከምና ውስጡ ያለው አየር በስኩዌር ኢንች 32 ፓውንድ ቢሆን፣ መሬት የሚነካው ቦታ በግምት 25 ስኩዌር ኢንች ነው፤ 800 ሲካፈል ለ32። የጎማው ጎን የሚሸከመው ትንሽ ድርሻ ቢኖርም ስፋቱ እዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። የሚለወጠው ቅርጹ ነው። ቀጭኑ ጎማ ረዘም ያለ ጠባብ ዱካ አለው፣ ሰፊው አጭርና ሰፊ። በመጠምዘዣ ላይ ያ አጭር ሰፊ ዱካ ቶሎ ይይዛል፣ መሪው ለነገራችሁት ፈጥኖ ይመልሳል። በዝናብ ጊዜ ግን ውኃውን የሚከፍትለት ረጅም አፍንጫ የለውም፤ ውኃ ላይ ለመንሳፈፍ ይቀድማል። ክርዳዱ (መሬት የሚይዘው ጥርሱ) ያለቀ ሰፊ ጎማ ይዛችሁ በበጋ ዶፍ 495 ሃይዌይ ላይ የወጣችሁ እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ወደ ስምንቷ ሚሊ ሜትር ልመለስ፣ የቀኝ ጎኗ። እዚያ የፓራፋንጎውን ውስጠኛ ከንፈር ማጠፍ ነበረብኝ። ላሜራው በውስጥ በኩል ወደ ጎማው ወጣ ያለ እጥፋት አለው፤ እሱን ወደ ላይ አስተኝቶ መለጠፍ ነው። በማሽን ይሠራል፣ ታምቡሩ ላይ ታስሮ እየተመላለሰ የሚጫን ተሽከርካሪ አለ፤ ቀለሙ እንዳይሰነጠቅ በሙቅ አየር እያሞቁ፣ ቀስ እያሉ። ከዚያ በፊት ግን ማግኔት ውሰዱና ከንፈሩ ዙሪያ አስነኩት። ማግኔቱ ካልያዘ ከሥር ያለው ስቱኮ ነው። ያን ላሜራ ስታጥፉት ስቱኮው እንደ ደረቅ እንጀራ ይፈረፈራል፤ ከዚያ የጎማ ሥራ ቀርቶ የባትላሜራ ሥራ ይሆናል። የኔ በቀኝ በኩል ሙሉ ብረት ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ላሜራውን ቆርጦ ማውጣት የሚያምራችሁ ካላችሁ የራሳችሁ ጉዳይ ነው፤ እኔ ግን ለሦስት ጣት ላስቲክ ብዬ የፋብሪካ ላሜራ አልቆርጥም።

ዊል አላይመንት። ይሄንን የሚዘለው ብዙ ነው። ጎማውን ለውጣችሁ የድሮውን ቁጥር ይዛችሁ ሄዳችሁ «በመጽሐፉ መሠረት አድርግልኝ» ካላችሁት በመጽሐፉ መሠረት ያደርግላችኋል፤ መጽሐፉ ግን የተጻፈው ለሰያፍ ክር ጎማ ነው። ለራዲያል ካስተሩ፣ ጎማው የሚጠመዘዝበት መስመር ጋድመት፣ ወደ 2 ወይም 3 ዲግሪ ወደ ኋላ ቢጋደም፣ ካምበሩ፣ የጎማው የአናቱ ዘንበል፣ ግማሽ ዲግሪ ያህል ወደ ውስጥ ቢያዘነብል መኪናዋ መስመሯን ትይዛለች። በ1967ቷ ካምበሩ የሚስተካከለው በታችኛው ክንድ ላይ ባለው ጎዶሎ ክብ ቡሎን ነው፤ ካስተሩ በስትራት ሮዱ ዳዶ። 65 እና 66 የያዛችሁ በላይኛው ክንድ ሥር በሚገቡ ስስ ብረቶች ነው የምታስተካክሉት። የሩጫ መኪና ሠሪው ካሮል ሼልቢ ጂቲ 350 ለተባለው ሙስታንጉ የተጠቀመበት፣ የፎርዱ መሐንዲስ ክላውስ አርኒንግ ያወጣው ዘዴም አለ፤ የላይኛው ክንድ የሚታሰርበትን ቀዳዳ አንድ ኢንች ያህል ዝቅ ማድረግ። ጎማው ስትጠመዘዙ መሬቱን በሙሉ ፊቱ እንዲረግጥ ያደርጋል። እሱን የሠራ ሰው ግን ካርቶኗን እንደገና ያውጣ፤ ክንዱ ሲለወጥ ጎማው የሚሄድበት መንገድም ይለወጣል።

ዳዶ ማጥበቅ ላይ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ባለሙያ ነው፣ ስለዚህ አጭር አደርገዋለሁ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለዚህ ይመስለኛል። በኮከብ ቅርጽ እያሻገራችሁ፣ በልክ ማጥበቂያ፣ ለግማሽ ኢንች ቡሎን ከ75 እስከ 85 ፉት ፓውንድ። ከ50 ወይም ከ100 ማይል በኋላ እንደገና። የዳዶው አፍ ከቸርኬው ጉድጓድ ጋር መግጠሙን እዩ፤ ሾጣጣው ለሾጣጣ፣ ባለ ዋሸሩ ለባለ ዋሸር። የድሮ ክራይስለር ምርት፣ ቻርጀር ወይም ሮድ ራነር የያዛችሁ ደግሞ ስሙኝ፤ እስከ 1970 አካባቢ ድረስ በሹፌሩ በኩል ያሉት ቡሎኖች ግራ ዞር ናቸው፤ ዳዷቸው ከተለመደው በተቃራኒ ይፈታል። አንድ ጓደኛዬ በ68 ቻርጀር ላይ ቧንቧ ቀጥሎ፣ ላቡ እየወረደ፣ ሁለት ቡሎን ከሰበረ በኋላ ነው ሦስተኛው ጫፍ ላይ የተቀረጸችውን ትንሽ «ኤል» ፊደል ያየው። ግራ ማለቷ ነው።

አሁን ጥያቄ። አዎ፣ እህቴ።

የጠየቀችኝ ጎማው ክርዳዱ አዲስ ከሆነ ዕድሜው ለምን ያስፈራል ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እነዚህ መኪኖች በዓመት ትንሽ ስለሚሄዱ ክርዳዱ ሳያልቅ ላስቲኩ ያረጃል። ጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ። 2319 ካለ በ2019 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሦስት ቁጥር ብቻ ካያችሁ ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ ክርዳዱ ቢያበራም አውጥታችሁ ጣሉት።

ጋሼ፣ እርስዎ? እሺ። «ይሄ ሁሉ ከሚሆን 17 ብገጥም አይሻልም ወይ?» ነው ያሉት። ለ17 የሚሠራው ጎማ በመያዝ ከኔው የተሻለ ነው፤ በ15 ኢንች ጥሩ የሩጫ ጎማ እየጠፋ ነው፣ ያንን አልክድም። ትልቅ የዲስክ ፍሬን ካስገቡ 15ቱ ላይችለው ይችላል። እርስዎ የያዟት 67 ስለሆነች ከፊት 17 በ7፣ ከኋላ 17 በ8 የገጠሙ ብዙ አሉ፤ የፊቱ የጀርባ ልክ 4.25፣ የኋላው 4.75። ግን ያ የእነሱ መኪና ነው። የዲስክ ፍሬን መለወጫ አንዳንዱ ጎማውን ወደ ውጭ ይገፋል፣ የኋላ አክስልዎም ምናልባት የፋብሪካው ላይሆን ይችላል፤ የፎርድ ኤክስፕሎረር አክስል የሚያስገቡ ብዙ ናቸው። እኔ ከዚህ ቆሜ ቁጥር ብነግርዎት እንደዚያ ሻጭ መሆኔ ነው።

ቶናው ወጣ መሰለኝ። ስኒያችሁን ይዛችሁ በቀኝ በኩል ዞር በሉ፤ መብራቱን ይዤላችኋለሁ። የፓራፋንጎው ከንፈር ውስጥ የለጠፍኩት ወረቀት ቴፕ አለ፤ ሁለት ሺህ ማይል ነድቻታለሁ፣ ቴፑ እስካሁን አልተፋቀም። በግራ በኩል ያለው ግን አንድ ጥግ ላይ ትንሽ ጠቁሯል። ባሌስትራው መርገብ ጀምሮ ይሁን የጎማው ቆሻሻ ይሁን ገና አልለየሁም። ጋሼ፣ እርስዎ መነጽር አድርገዋል፤ እስቲ ይዩልኝ።